«መታወቂያ አሳይ!» — አዋጁ ሄዶ ልማዱ ሲቀር



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ እያንዳንዳችሁ በኪሳችሁ ይዛችሁት የምትዞሩት ነገር ነው። ባሕር ዳር ውስጥ እናት ልጇን ከቤት ስትሸኝ ድሮ «ቁርስህን በላህ ወይ?» ነበር የምትለው። አሁን ከዚያ በፊት «መታወቂያህን ይዘሃል?» ትላለች። ጥያቄው ከልምድ ብዛት እንደ ዱዓእ ሆኗል። ልጁም ኪሱን ዳብሶ «ይዣለሁ» ይላታል፤ እሷም «አላህ ይጠብቅህ» ብላ በሩን ትዘጋለች። ይህ ልማድ ከየት መጣ? እስከ የትስ ድረስ ትክክል ነው? የዛሬው ነሲሓችን በዚህ ላይ ነው።

በቅድሚያ ማንነታችንን እንናገር። ሕግ አልተማርንም፣ ፖለቲከኞችም አይደለንም። ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ መስጂድ ኢማማችንን የምናግዝ፣ ልጆች የምናቀራ፣ ሲያስፈልግም ደብዳቤ የምንጽፍ የአላህ ባሮች ነን። ጉዳዩ ወደኛ የመጣው በደብዳቤው በኩል ነው። ከዙህር ሶላት በኋላ በራችን ላይ የሚሰለፈው ሰው ካለፉት ዓመታት ወዲህ የሚጠይቀን በአብዛኛው አንድ ነገር ነው፦ «የመስጂዳችሁ ጀማዓ መሆኔን ጽፋችሁ ስጡኝ።» ባጃጅ ነጂው ይመጣል፣ ዓሣ ነጋዴው ይመጣል፣ የቀን ሠራተኛው ይመጣል። ከሁሉም በላይ ግን ደረሳው ይመጣል።

የደረሳን ነገር ታውቃላችሁ። የሀገራችን የዒልም መንገድ የእግር መንገድ ነው። አንዱን ኪታብ ወሎ የቀራ ሌላውን ፍለጋ ወደ ጎጃምና ጎንደር ይሻገራል። በቀድሞው ዘመን የደረሳ መታወቂያ ሉሑና ኪታቡ ነበር። በደረሰበት መንደር «ከየትኛው ሐሪማ መጣህ? ማን አቀራህ?» ይባላል። ሸይኹን ከጠራ ሰውነቱ ይታወቃል፣ ማደሪያም ይሰጠዋል። ያ ጥያቄ እንግዳ መቀበያ ነበር። ዛሬ ኬላ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ግን መልሱ ሌላ ነው። ደረሳው የባሕር ዳር መታወቂያ እንዲያወጣ ከተወለደበት ቀበሌ መሸኛ ያምጣ ይባላል። መሸኛውን ለማምጣት ደግሞ በኬላ ማለፍ አለበት፤ በኬላ ለማለፍ መታወቂያ ያስፈልገዋል። የገጠር ቀበሌው ጽሕፈት ቤት በግጭቱ ምክንያት ከተዘጋማ ነገሩ ሁሉ ክብ ይሆናል። ልጁ ከመስጂዱ ግቢ አይወጣም። ከወጣም በፍርሃት ነው።

እኛ ጋ የሚቀራ አንድ የ18 ዓመት ልጅ ሳሙና ሊገዛ ወጥቶ ሁለት ሌሊት ታስሮ ተመለሰ። ሽማግሌዎች ደብዳቤ ይዘው ሄደው ነው የተለቀቀው። ማንም አልመታውም፣ አልሰደበውምም፤ ይህን መናገር ሐቅ ነው። ግን ምን ጠየቁህ ስንለው እንዲህ አለን፦ «ምን አድርገህ ነው የመጣኸው አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ያመጣኝ ፖሊስ ተረኛ አልነበረም፣ እነሱም አያውቁም ነበር።» የታሰረበትን ምክንያት ታሳሪውም አሳሪውም የማያውቀው እስር! ይህ ልጅ ከዚያ ወዲህ ለሱብሒ ውዱእ ሊያደርግ ሲወጣ እንኳ የግቢውን በር ሁለት ጊዜ ያያል።

አንዳንድ ወንድሞች «ታዲያ ፖሊስ አይጠይቅ ነው የምትሉት?» ሊሉን ይችላሉ። አይደለም። ባለንበት ክልል የታጠቀ ግጭት አለ። ሰው ከመንገድ ታግቶ ቤተሰቡ ገንዘብ ሲለመንለት አይተናል፤ ለማስለቀቂያ መስጂድ ውስጥ የተሰበሰበ ብር አለ። ፖሊሱም የሰው ልጅ ነው፤ በሥራው ላይ የሚሞት፣ እናቱ በር ላይ ቆማ የምትጠብቀው ነው። ሌሊት በሰላም የምንተኛው የሚነቃ ሰው ስላለ ነው። ስለዚህ መጠየቅ በራሱ በደል ነው አንልም። ልንመረምር የሚገባን ሦስት ነገር ነው፦ ማን ነው የሚጠይቀው? በምን ምክንያት? ያልያዘው ሰውስ ምን ይሆናል?

በመድረሳ ፊቅህ የቀራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ዑለማዎቻችን ከሚያስተምሩን መሠረታዊ መርሆች አንዱ የሰው ልጅ በመሠረቱ ከዕዳና ከወንጀል ነፃ ነው የሚል ነው። ሌላው፣ በእርግጠኝነት የታወቀ ነገር በጥርጣሬ አይወገድም የሚል ነው። ሦስተኛው፣ ማስረጃ የማምጣት ግዴታው በከሳሹ ላይ ነው። እነዚህን ሦስቱን ኬላ ላይ ወስዳችሁ መዝኑ። ፖሊሱ ጠየቀ፣ አሳየህ፣ አለፍክ፤ ችግር የለም። ግን ወረቀቱን ስላልያዝክ ብቻ ጥፋተኛ ከሆንክ ነገሩ ተገልብጧል። ንጹሕነትህን የምታስረዳው አንተ ሆነሃል፤ ጥርጣሬው ደግሞ እርግጠኝነትን አሸንፏል። ሱረቱል ሑጁራት ውስጥም ብዙ ጥርጣሬን እንድንርቅና የሰውን ነውር እንዳንሰልል ታዘናል። ትእዛዙ ለጎረቤት ብቻ አይደለም፤ ሥልጣን የያዘውንም ይመለከታል።

የሀገሪቱ ሕግስ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 17 ማንም ሰው በሕግ ከተደነገገው ሥርዓት ውጪ ነፃነቱን እንዳያጣ ይከለክላል። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያው እንዲነገረውና በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ከዚህ አይቆጠርም። አንቀጽ 26 ሰውነቱን፣ ቤቱንና ንብረቱን ከዘፈቀደ ፍተሻ፣ ደብዳቤውንና የስልክ ግንኙነቱን ከመደፈር ይጠብቃል። አንቀጽ 32 በሀገሩ ውስጥ በፈለገው ቦታ የመንቀሳቀስና የመኖር መብት ይሰጠዋል። እነዚህ መብቶች ገደብ የላቸውም አንልም። ግን ገደቡ ራሱ በሕግ መጻፍ አለበት እንጂ በተረኛው ስሜት አይወሰንም።

ለ60 ዓመታት ያህል ሲሠራበት የኖረው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 51 ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማንን መያዝ እንደሚችል ይዘረዝራል። ቢያንስ አንድ ዓመት በሚያስቀጣ ወንጀል በበቂ ምክንያት የተጠረጠረ፣ ጸጥታ ሲያደፈርስ የተገኘ፣ ከእስር ያመለጠ፣ ከሠራዊት የከዳ፣ የተሰረቀ ዕቃ የያዘ፣ አደገኛ ቦዘኔ ነው ተብሎ የሚጠረጠርና የመሳሰሉት አሉ። «መታወቂያ ቤት የረሳ» የሚል በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ታዲያ ልማዱ ከየት መጣ? ከአስቸኳይ ጊዜ አዋጆቹ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2014 በመላ ሀገሪቱ አዋጅ ሲታወጅ ዜጎች መታወቂያ ይዘው መንቀሳቀስ እንዳለባቸው በወቅቱ የፍትሕ ሚኒስትሩ ገልጸው ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አዲስ አበባ ውስጥ ሰዎች በብሔር ማንነታቸው የተያዙ እንደሚመስልና አረጋውያንና ልጅ የያዙ እናቶች ጭምር እንዳሉበት አሳወቀ። ያ አዋጅ በየካቲት 2014 ተነሳ። ከዚያ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ለአማራ ክልል ሌላ ታወጀ፣ ነሐሴ 8 ምክር ቤቱ አጸደቀው፣ ጥር 24 ቀን 2016 ለተጨማሪ አራት ወር ተራዘመ። በዚያ ጊዜ የባሕር ዳር ሰው የሰዓት እላፊን ትርጉም በደንብ ተማረ። የዒሻና የሱብሒ ጀማዓ ሳስቶ ኢማሙና ሙአዚኑ ብቻቸውን የቆሙባቸው ቀኖች ነበሩ።

ልብ በሉ፤ ያ አዋጅ በግንቦት 2016 መጨረሻ ሳይታደስ ጊዜው አበቃ። አዋጁ ሄደ፣ ኬላው ግን ቀረ። «ስልክህን ክፈት» ማለቱም ቀረ። ከመስከረም 18 ቀን 2017 ጀምሮ በክልሉ ከተሞች የጅምላ እስር ሲካሄድ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መያዛቸውን ገልጿል። ያኔ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አልነበረም።

ደግሞም በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን የማይነኩ መብቶች አሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 በምንም ሁኔታ ሊገደቡ የማይችሉትን ሲዘረዝር አንቀጽ 18ንና አንቀጽ 25ን ይጠራል። የመጀመሪያው ጭካኔና ሰብአዊ ክብርን የሚያዋርድ አያያዝን ይከለክላል፤ ሁለተኛው የእኩልነት መብት ነው። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ጦርነት ቢሆን እንኳ ሰውን በሃይማኖቱ ወይም በብሔሩ ለይቶ ማሰር አይፈቀድም።

ይህ አዋጅ ሄዶ ልማድ የመቅረት ነገር የኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1939 ጦርነት ሲገቡ ለሕዝባቸው ሁሉ መታወቂያ ሰጡ። ጦርነቱ በ1945 አበቃ፤ ፖሊሱ ግን በየመንገዱ መጠየቁን ቀጠለ። በ1950 ክላረንስ ዊልኮክ የሚባል ሰው መኪና ሲነዳ ተይዞ «መታወቂያ አላሳይም» አለ። ጉዳዩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዋናው ዳኛ በሕግ ደረጃ ቢፈርዱበትም፣ ለጦርነት የወጣን ሥልጣን በሰላም ጊዜ ለሁሉም ነገር መጠቀም ሕግ አክባሪውን ሰው ሕግ ጣሽ ያደርገዋል ብለው ፖሊስን ወቀሱ። በ1952 መታወቂያው ቀረ። የአንድ ሰው እምቢታ የሀገር ልማድ እንዲቀየር ረዳ።

ሌላው ምሳሌ ግን መራራ ነው። ሩዋንዳ ውስጥ ቤልጅጎች በ1930ዎቹ ያስገቡት መታወቂያ ብሔር የሚጻፍበት ነበር። ከ60 ዓመት ግድም በኋላ፣ በ1994፣ ኬላ ላይ የቆመ ገዳይ ያንን መሥመር እያነበበ ነበር የሚገድለው። ካርዱ ሲታተም ማንም ለዚህ ነው አላለም። ወረቀት ከጻፈው ሰው ዕድሜ በላይ ይኖራል።

የኛም የቀበሌ መታወቂያ ታሪክ አለው። ቀበሌ የሚባለው የከተማ አደረጃጀት የመጣው በሐምሌ 1967 ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ ነው። ያ ቀበሌ ስኳርም ያከፋፍል ነበር፣ መታወቂያም ይሰጥ ነበር። በ1969 ደግሞ በአዲስ አበባ ለቤት ለቤት አሰሳ ያገለገለው ያው ቀበሌ ነው። አባቶቻችሁን ጠይቋቸው፤ «አሰሳ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ዛሬም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

አሁን የፋይዳ መታወቂያ መጥቷል። አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ያቋቋመው ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ነው፤ የጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና ፎቶ ይወሰዳል። በጎ ጎኑን አንክድም፦ ብሔርና ሃይማኖት አይጠየቅበትም። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም አለ። ግን ወገኖቼ፣ በኛ ሀገር የሃይማኖት መሥመር ባይኖርም ስም አለ። መታወቂያው ላይ ሰዒድ ሙሐመድ የሚል ከተጻፈ ማን ሌላ መሥመር ይፈልጋል? ስለዚህ ዋስትናው ከካርዱ ዓይነት አይገኝም። ካርዱን የሚያነበው ሰው በሕግ መጠየቁ ነው ዋስትናው።

ስለ እህቶቻችንም እንናገር። ኒቃብ የምትለብስ እህት ኬላ ላይ «ፊትሽን ግለጪ» ስትባል ሁለት ፍርሃት በአንድ ጊዜ ይይዛታል። ዑለማዎች ማንነትን ለማረጋገጥ ለመሰለ ሐጃ ፊትን መግለጥ እንደሚፈቀድ ያስተምራሉ፤ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ስለዚህ እምቢ በማለት ራሷን አደጋ ላይ ትጣል አንልም። ግን ወንዶች በተሰበሰቡበት ማድረግና ዞር ባለ ቦታ ለሴት ፖሊስ ማሳየት አንድ አይደለም። ያው የ1954ቱ ሕግ አንቀጽ 32 የተያዘን ሰው መፈተሽ ያለበት ተመሳሳይ ፆታ ያለው ሰው ነው ይላል። ሴት ፈታሽ መጠየቅ አመፅ አይደለም፤ ሕጉ ያሰበበት ነገር ነው።

ሌላም ወገን አለን፤ ከሐይቁ ዳር ያሉት። ነገደ ብለን የምንጠራቸው፣ ሰዉ «ወይጦ» እያለ የሚያቃልላቸው ሙስሊም ወገኖቻችን ከደንገል ታንኳ እየሠሩ፣ ዓሣ እያጠመዱ በጣና ዳር ከማናችንም በፊት የኖሩ ናቸው። ባሕር ዳር ከተማ ስትሆን እነሱ በራሳቸው ዳርቻ ላይ እንግዳ ተደረጉ፤ ከተማዋ በሰፋች ቁጥር ከቦታ ቦታ ተገፉ። ለዘመናት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጉማሬ ይበሉ ነበር እያለ አግልሏቸዋል። የቀበሌ መታወቂያ ላይ የቤት ቁጥር የሚል መሥመር አለ። ቤቱ ቁጥር ያልተሰጠው ሰው ምን ይሙላ? ሐይቁን ከሁሉም በላይ የሚያውቅ ሰው፣ ታንኳውን አስሮ ወደ ገበያ ሲወጣ «አንተ ማን ነህ?» ይባላል። ወረቀት አንዳንዴ የሚለየው ሰላማዊውን ከወንጀለኛው ሳይሆን ባለቤቱን ከቤት አልባው ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በተለይ ለወጣቶች የምንለው አለ።

አንደኛ፣ መታወቂያችሁን ያዙ። መብትን ማወቅ ማለት ችግር መፈለግ ማለት አይደለም። ኮፒውንም ቤት አስቀምጡ። ፋይዳ ያልተመዘገባችሁ ተመዝገቡ፤ መሸኛ የሚያስፈልጋችሁም ዛሬ ነገ ሳትሉ ጀምሩ።

ሁለተኛ፣ ስትጠየቁ አትሩጡ፣ አትሳደቡ፣ እጃችሁን በድንገት ኪስ አትክተቱ። ሰላምታ ስጡ፤ ስማችሁንና ሰፈራችሁን በእውነት ተናገሩ። ውሸት በሸሪዓም በሕግም ያስጠይቃል። ከተያዛችሁ ረጋ ብላችሁ «በምን ምክንያት ነው?» በሉ። ይህ ጥያቄ ድፍረት አይደለም፤ አንቀጽ 19 የሰጣችሁ ነው።

ሦስተኛ፣ ስልካችሁን ንጹሕ አድርጉ። የሰው ሬሳ፣ የጦር ቪዲዮ፣ በየግሩፑ የሚላክ ዛቻና የፈጠራ ወሬ ምን ይሠራላችኋል? ፍተሻው ስህተት ቢሆንም እንኳ ይህንን ማጥፋት ለቀልባችሁም ይበጃል።

አራተኛ፣ ሰው የተያዘባችሁ ቤተሰቦች የመጀመሪያዎቹን 48 ሰዓታት በለቅሶ አታሳልፏቸው። የት እንዳለ ጠይቁ፣ ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ፣ ፍርድ ቤት መቅረቡን ተከታተሉ። አንቀጽ 21 የተያዘን ሰው የትዳር ጓደኛው፣ ቅርብ ዘመዱ፣ ጓደኛው፣ የሃይማኖት አማካሪው፣ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጎበኙት ይፈቅዳል። የሃይማኖት አማካሪ የሚለውን ኢማሞቻችን ልብ ይበሉ! የታሰረን መጠየቅ ለኛ ምንዳ ነው፤ ለታሳሪው ደግሞ የተጻፈ መብቱ ነው። ጉቦ ሰጥቶ ማስለቀቅን ግን መፍትሔ አታድርጉት። ዛሬ ለአንዱ የተከፈለ ብር ነገ ለአሥሩ መያዣ ምክንያት ይሆናል፤ ከፋዩም ተቀባዩም አላህ ፊት ይጠየቁበታል።

አምስተኛው ለመስጂድ ኮሚቴዎቻችን ነው። ደብዳቤ ስንጽፍ ሸሃዳ እየሰጠን ነው። የማናውቀውን «እናውቀዋለን» ብለን አንጻፍ፤ አንድ የሐሰት ደብዳቤ የመቶ እውነተኛ ደብዳቤ ክብር ያጠፋል። የምናውቀውን ግን ፈርተን አንካድ። ከዚህ ጋር አንድ መዝገብ ይኑረን፦ ማን፣ መቼ፣ የት፣ በማን ተያዘ፤ መቼ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ መቼ ተፈታ። ሕገ መንግሥቱ በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ የታሰሩትን ስምና ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ የሚያደርግ መርማሪ ቦርድ እንዲቋቋም ያዘዘው ስሙ ያልተጻፈ እስረኛ የሚረሳ እስረኛ ስለሆነ ነው። መዝገቡ ግን አማና ነው። የሰው ስም ፌስቡክ ላይ አይለጠፍ፤ ለቤተሰቡ፣ ለጠበቃና ለሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ቅርንጫፍ እንጂ።

በመጨረሻም ስለ ቃሉ። በአማርኛችን «መታወቂያ» እና «መተዋወቅ» ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። ያው ሱረቱል ሑጁራት አላህ ሰዎችን በነገድና በጎሳ ያደረጋቸው እንዲተዋወቁ መሆኑን ይነግረናል። መተዋወቅ የሁለት ወገን ሥራ ነው፤ አንዱ ሌላውን ብቻ የሚያውቅበት፣ ራሱ ግን የማይታወቅበት መተዋወቅ የለም። ስለዚህ የሚጠይቀንም ይታወቅ። ስሙ ደረቱ ላይ ይጻፍ፣ የሚሠራበት ሕግ ይነገር፣ ሲያጠፋ የሚጠየቅበት በር ይኑር። እኛ መታወቂያችንን እናሳያለን፤ መንግሥትም ሕጉን ያሳየን። ይህ ለሙስሊሙ ብቻ የሚጠየቅ አይደለም። በዚያው ኬላ ላይ ከኛ ቀጥሎ የሚቆመው ክርስቲያን ጎረቤታችንም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

አላህ ሀገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ የታሰሩትን ወደ ቤታቸው፣ ጠባቂዎቹንም በሰላም ወደ እናቶቻቸው ይመልስልን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።